ምን ያህል ብርድ ይበቃል? ብርሃን አመንጪ የአልማዝ እንከኖች በእጅግ ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። በአልማዝ ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ እንከኖች አረንጓዴ ሌዘር ሲያርፍባቸው ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ። ይህንንም አሁን በተቀመጥንበት አዳራሽ ሙቀት፣ ያለ ምንም ማቀዝቀዣ ያደርጉታል። ይህ ከሆነ ዘንድ ተመራማሪዎች እነዚህኑ እንከኖች ለማጥናት አልማዙን እስከ 4 ኬልቪን፣ አንዳንዶቹም እስከ 0.1 ኬልቪን ድረስ የሚያቀዘቅዙት ስለ ምንድን ነው?

የጠጣር አካላት ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቼ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የተለመደው መልስ «ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር የተሻለ ይሠራል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም አያጠግብም፤ ምን እንደሚሻሻል፣ ምን እንደማይሻሻል፣ ምን ያህል ብርድም እንደሚበቃ አይነግረንምና። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ የሚበቃውን የብርድ መጠን የሚወስነው እያንዳንዱ እንከን ራሱ፣ በውስጣዊ አሠራሩ እንደ ሆነ ነው። ይህን መረዳት ለአንድ ቤተ ሙከራ የገንዘብ ጉዳይ ጭምር ነው፤ በ2 ኬልቪንና በ0.1 ኬልቪን መካከል ያለው የዋጋና የድካም ልዩነት እጅግ ሰፊ ነውና።

እንከን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ንጹሕ አልማዝ ካርቦን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በጽኑ ተሳስሮ ይኖራል። ኤሌክትሮኖችን ከዚህ ትስስር ለማላቀቅ 5.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሚታይ ብርሃን ይህን ያህል ጉልበት ስለሌለው ሳይዋጥ ያልፋል። ጥሩ አልማዝ እንደ ውኃ ጥርት ያለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለም የሚመጣው ሥርዓቱ ሲጓደል ነው፤ ናይትሮጅን በካርቦን ቦታ ሲገባ ድንጋዩ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ቦሮን ሲገባ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል።

ዛሬ ስለ ሦስት እንከኖች እናገራለሁ። የመጀመሪያው፣ አንድ ናይትሮጅን የካርቦንን ቦታ ይዞ ከጎኑ ያለው የካርቦን ቦታ ባዶ ሲቀር የሚፈጠር ነው፤ ለአጭሩ የናይትሮጅን እንከን እንበለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሲሊኮን እንከንና የቲን እንከን ናቸው፤ በእነዚህ ሁለት ጎረቤታም የካርቦን ቦታዎች ባዶ ይሆኑና እንግዳው አቶም በሁለቱ ባዶ ቦታዎች ልክ መካከል ይቀመጣል። ይህ የአቀማመጥ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ወደ ፊት ብዙ ነገር ይወስናልና በልባችሁ ያዙልኝ።

እያንዳንዱ እንከን በክሪስታሉ ውስጥ እንደ ታሰረ አንድ አቶም ይሠራል። የራሱ የጉልበት ደረጃዎች፣ የራሱ ብርሃን፣ የራሱም የኤሌክትሮን ስፒን አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 በጀርመን ኬምኒትዝ የነበረ የምርምር ቡድን ነጠላ የናይትሮጅን እንከንን በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ለይቶ መመልከትና ስፒኑን በብርሃኑ አማካይነት ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጥናቱ ስለ አልማዝ ቀለም መሆኑ ቀርቶ፣ አንድን ኤሌክትሮን እንደ መረጃ ማኅደር፣ አንድን ፎቶን እንደ መልእክተኛ ስለ መጠቀም ሆነ።

ብርድ የማይለውጠው

በመጀመሪያ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ የተሳሳተ ግምት ላርም። የናይትሮጅን እንከን የሚያመነጨውን ብርሃን በስፔክትሮሜትር ስናየው ሁለት ክፍሎች አሉት። በ637 ናኖሜትር ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ ከእርሱ ጀምሮ እስከ 800 ናኖሜትር ገደማ የሚዘረጋ ሰፊ ክንፍ ደግሞ ይከተላል። መስመሩ፣ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ፎቶኑ ሲገባ የሚታየው ነው፤ ፎኖን አልባ መስመር ይባላል። ክንፉ ደግሞ የጉልበቱ አንድ ክፍል ክሪስታሉን በማንቀጥቀጥ፣ ማለትም ፎኖን በመፍጠር፣ ሲያልቅ የሚታየው ነው። በጣና ታንኳ ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ከጉልበቱ የተወሰነው ታንኳዋን በማወዛወዝ እንደሚያልቅ ያለ ነው።

በናይትሮጅን እንከን ከሚወጡት ፎቶኖች መካከል በቀጭኑ መስመር የሚወጡት 3 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ብዙ ተማሪ፣ ብናቀዘቅዘው ክንፉ ጠፍቶ ብርሃኑ በሙሉ ወደ መስመሩ ይሰበሰባል ብሎ ያስባል። እንዲህ አይሆንም። ኤሌክትሮኑ ደረጃ ሲለውጥ በዙሪያው ያሉ አቶሞች የሚያርፉበት ቦታ ይለወጣል፤ ስለዚህ ክሪስታሉ ፍጹም ዜሮ ላይ ቢሆን እንኳ እንከኑ ብርሃን ሲሰጥ አዲስ ፎኖን መፍጠር ይችላል። ብርድ በክሪስታሉ ውስጥ አስቀድሞ የነበረውን ንቅናቄ ያስወግዳል፤ እንከኑ ራሱ የሚፈጥረውን ግን ሊያስቀር አይችልም። የ3 በመቶውን ድርሻ ከፍ ማድረግ የፈለገ ሰው ከማቀዝቀዣ ይልቅ ብርሃንን የሚያጠምድ ጥቃቅን መዋቅር በአልማዙ ዙሪያ መሥራት ወይም ሌላ እንከን መምረጥ ይኖርበታል። የሲሊኮን እንከን በ737 ናኖሜትር ከሚሰጠው ብርሃን 70 በመቶ ያህሉ በቀጭኑ መስመር መውጣቱ ብዙዎችን ወደ እርሱ የሳበው ስለዚህ ነው።

ብርድ የሚለውጠው

ታዲያ ብርድ የሚለውጠው ምንድን ነው? የመስመሩን ስፋት ነው። በክፍል መጠነ ሙቀት የናይትሮጅን እንከን ፎኖን አልባ መስመር በቴራኸርትዝ የሚለካ ስፋት አለው። የተነሣሣው ኤሌክትሮን ብርሃን ሰጥቶ ወደ ታች እስኪወርድ 12 ናኖሰከንድ ያህል ይቆያል፤ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የክሪስታሉ ንቅናቄዎች ደጋግመው ይገፉታል፣ ከአንዱ ምሕዋር ወደ ሌላውም ይወረውሩታል። መጠነ ሙቀቱ ሲወርድ ይህ ግፊያ በፍጥነት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዝቅተኛው የሙቀት ክልል ስፋቱ ከመጠነ ሙቀቱ አምስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ መጠነ ሙቀቱን በግማሽ ስንቀንስ በፎኖን የሚመጣው ስፋት 32 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ወደ 4 ኬልቪን ስንደርስ በጥሩ ናሙና ውስጥ የሚቀረው ስፋት በዕድሜው ብቻ የሚወሰነው ነው፤ 12 ናኖሰከንድ የሚቆይ ደረጃ 13 ሜጋኸርትዝ ያህል ስፋት ይሰጣል። ከዚህ በታች ማንም ማቀዝቀዣ አይወስደንም፤ የኳንተም ሕግ የሠራው ወለል ነውና።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ሥራ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድስ የደልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1.3 ኪሎሜትር ርቀት ላይ በሚገኙ ሁለት አልማዞች ውስጥ ያሉ ሁለት ኤሌክትሮኖችን በኳንተም ቁርኝት አስተሳስረው የቤልን ፈተና አካሄዱ። ዋና ዋናዎቹን የማምለጫ ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ የዘጋ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ እንከን አንድ ፎቶን ይልካል፤ ሁለቱ ፎቶኖች መካከል ላይ በሚገኝ የብርሃን መክፈያ ላይ ይገናኛሉ። የትኛው ፎቶን ከየትኛው አልማዝ እንደ መጣ በምንም መንገድ መለየት ካልተቻለ፣ የፎቶኖቹ መገኘት ኤሌክትሮኖቹን ያቆራኛል። ፎቶኖቹ በቀለም ጥቂት እንኳ ቢለያዩ ግን ማንነታቸው ይታወቃል፤ ቁርኝቱም አይፈጠርም። ሰፊ መስመር ማለት እያንዳንዱ ፎቶን የተለያየ ቀለም ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ አልማዞቹ በ4 ኬልቪን አካባቢ መቀመጥ ነበረባቸው። የተሰበሰቡት የተሳኩ ሙከራዎች 245 ነበሩ፤ የተገኘው ውጤት 2.42 ሲሆን፣ የቤል ገደብ ደግሞ 2 ነው።

መጠነ ሙቀትን በድግግሞሽ መለካት

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። መጠነ ሙቀትን በዲግሪ ከማሰብ ይልቅ በድግግሞሽ እንድታስቡት እጠይቃችኋለሁ። የቦልዝማንን ቋሚ ለፕላንክ ቋሚ ብናካፍል፣ 1 ኬልቪን ከ20.8 ጊጋኸርትዝ ጋር እኩል ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ መለኪያ የክፍላችን 300 ኬልቪን 6,200 ጊጋኸርትዝ ያህል ነው፤ 4 ኬልቪን 83 ጊጋኸርትዝ፣ 0.1 ኬልቪን ደግሞ 2 ጊጋኸርትዝ ገደማ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ከዚህ ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ድግግሞሽ ያላቸው የክሪስታሉ ንቅናቄዎች ዝም ብለዋል፤ ከእርሱ የሚያንሱት ግን ይንጫጫሉ።

የአልማዝ ከፍተኛው ንቅናቄ 40,000 ጊጋኸርትዝ ያህል ነው። ስለዚህ አዳራሻችን ለአልማዝ ራሱ ብርዳም ስፍራ ነው፤ ጠንካራ ንቅናቄዎቹ ከወዲሁ ጸጥ ብለዋል። የናይትሮጅን እንከን ስፒን በክፍል መጠነ ሙቀት መረጃውን በሚሊሰከንድ ለሚለካ ጊዜ ሳያበላሽ መያዝ የሚችለው፣ አንድም በዚህ ምክንያት፣ አንድም በዝቅተኛው ደረጃው አንድ ምሕዋር ብቻ ስላለው ነው፤ ፎኖን መጥቶ የሚወስድበት ሌላ ምሕዋር በአጠገቡ የለም። እንግዲህ የናይትሮጅን እንከን ብርድ የሚሻው ለብርሃኑ ነው፤ ለማኅደሩ የግድ አይደለም።

የሲሊኮን እንከን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በዝቅተኛው ደረጃው ሁለት ምሕዋሮች አሉት፤ በመካከላቸውም 50 ጊጋኸርትዝ ያህል ብቻ አለ። በ4 ኬልቪን ስፔክትረሙን በጥሩ መሣሪያ ስታዩት፣ በክፍል ሙቀት አንድ የነበረው መስመር በአራት ተከፍሎ ይታያል፤ ታችኛው ደረጃ ለሁለት፣ ላይኛውም ለሁለት ስለ ተሰነጠቀ ነው። ብርሃኑ በዚህ መጠነ ሙቀት ጥርት ያለ ነው። ስፒኑ ግን ከ100 ናኖሰከንድ በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ መረጃውን ያጣል። ምክንያቱን በመለኪያችን እንየው። 50 ጊጋኸርትዝ ማለት 2.4 ኬልቪን ነው፤ 4 ኬልቪን ከዚህ ይበልጣል። ፎኖኖቹ ኤሌክትሮኑን ከታችኛው ምሕዋር ወደ ላይኛው ሳያቋርጡ ያነሡታል፣ ያወርዱታል። ይህን ጫጫታ ዝም ለማሰኘት መጠነ ሙቀቱ ከ2.4 ኬልቪን እጅግ ማነስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አልማዙን እስከ 0.1 ኬልቪን ሲያቀዘቅዙ ጊዜው ወደ 13 ሚሊሰከንድ ከፍ አለ፤ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ዕድገት ነው።

አሁን የቲን እንከንን ከጎኑ እናቁመው። ቲን ከሲሊኮን የከበደ አቶም ስለሆነ በስፒንና በምሕዋር መካከል ያለው ትስስር ይበረታል፤ በሁለቱ ምሕዋሮች መካከል ያለው ርቀትም 850 ጊጋኸርትዝ ያህል ይሆናል። ይህ በመለኪያችን 41 ኬልቪን ነው። እስቲ እናስላ። ለሲሊኮን 2.4ን ለ0.1 ስናካፍል 24 እናገኛለን። ለቲን 41ን ለ1.7 ስናካፍልም 24 እናገኛለን። ኤሌክትሮኑን የሚረብሽ ፎኖን የመገኘቱ ዕድል በዚህ ቁጥር ስለሚወሰን፣ በሁለቱም ዘንድ ከ20 ቢሊዮን አንድ ያነሰ ይሆናል። የሲሊኮን እንከን በ0.1 ኬልቪን የሚያገኘውን ጸጥታ፣ የቲን እንከን በ1.7 ኬልቪን ያገኘዋል ማለት ነው። መጠነ ሙቀቱ በ17 እጥፍ ተለያይቷል፤ ፊዚክሱ ግን ያው ነው። ምን ያህል ብርድ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ የምሕዋሮቹን ርቀት በ20.8 ጊጋኸርትዝ አካፍሉ፣ ከዚያም ከሚመጣው ኬልቪን ሃያ ጊዜ ያህል ዝቅ በሉ።

የብርዱ ዋጋ

1.7 ኬልቪን እና 0.1 ኬልቪን በወረቀት ላይ ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ በቤተ ሙከራ ግን ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ሔሊየም በከባቢ አየር ግፊት በ4.2 ኬልቪን ይፈላል። በላዩ ያለውን ተን በፓምፕ ስንስብለት፣ በሸክላ እንስራ ያለ ውኃ በትነት እንደሚቀዘቅዝ፣ እርሱም ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መንገድ ከ2 ኬልቪን በታች መድረስ የተለመደ ሥራ ነው። ወደ 0.1 ኬልቪን ለመውረድ ግን ብዙውን ጊዜ የሔሊየም 3 እና የሔሊየም 4 ድብልቅ ያስፈልጋል። ድብልቁ ከ0.87 ኬልቪን በታች ለሁለት ንብርብር ይለያያል፤ የሔሊየም 3 አቶሞች ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሙቀት ይወስዳሉ። ሔሊየም 3 በአብዛኛው ከትሪቲየም መበስበስ የሚገኝ ብርቅ ጋዝ ነው፤ የመሣሪያውም ዋጋ እንደ ጋዙ ውድ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በ0.1 ኬልቪን ሊያስወግድ የሚችለው ሙቀት በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮዋት ነው። ስላይዱን የማመለክትበት ይህ የሌዘር ብዕር እንኳ ከዚያ የሚበልጥ ብርሃን ይሰጣል። አልማዝ በክፍል መጠነ ሙቀት ሙቀትን ከመዳብ አምስት እጥፍ ያህል አሻሽሎ ያስተላልፋል፤ በእጅግ ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ግን ይህ ችሎታው ከመጠነ ሙቀቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 0.1 ኬልቪን እያለ፣ ሌዘሩ ያረፈበት እንከን ከዚያ የሞቀ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው በናኖዋት የሚለካ ብርሃን ይጠቀማል፤ ስፒኑን የሚያዝዝበት የማይክሮዌቭ ምት የሚያመጣውን ሙቀትም ይቆጥራል። የጥሩ ሙከራ ምልክት ማቀዝቀዣው ያሳየውን ቁጥር ብቻ አለመጻፉ ነው፤ እንከኑ ራሱ፣ በሁለቱ ምሕዋሮች ላይ ባለው የኤሌክትሮን ክፍፍል፣ መጠነ ሙቀቱን እንዲመሰክር ይጠይቀዋል።

ይህን ስል የቲን እንከን ያለ ጉድለት ነው ማለቴ አይደለም። ከባድ አቶም ወደ አልማዝ ሲተኮስ ክሪስታሉን አብዝቶ ያቆስላል፤ ቁስሉን ለመጠገን ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ማሞቅ ያስፈልጋል። ለፎኖን ጋሻ የሆነው ያው ጠንካራ ትስስርም ስፒኑን በማይክሮዌቭ ማዘዝን ያከብደዋል። ብርድም ሁሉን አይፈውስም። የናይትሮጅን እንከን ሁለት ጫፎቹ የተለያዩ ስለሆኑ በአካባቢው ያለ የኤሌክትሪክ መስክ ቀለሙን ይገፋዋል፤ ከአልማዙ ገጽ አጠገብ ያሉ ክሶች ቦታ በለወጡ ቁጥር መስመሩ ይዘልላል፤ ይህን 4 ኬልቪን አያስቆመውም። ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት የአቀማመጥ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሲሊኮንና ቲን በሁለት ባዶ ቦታዎች ልክ መካከል ስለ ተቀመጡ ግራና ቀኛቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ መስኩ በመጀመሪያ ደረጃ አይገፋቸውም። ሁለቱ ተቀራራቢ ምሕዋሮቻቸው ግን ለፎኖን አጋለጧቸው። ከክሱ ጫጫታ ያመለጡት እነዚህ ሁለቱ በፎኖኑ ጫጫታ ይከፍላሉ፤ ዛሬ ካነሣናቸው ከሦስቱ መካከል ለሁለቱም የማይከፍል እንከን የለም።

ለተማሪዎቼ

እዚህ ካላችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ የምርምር ርእስ በመምረጥ ላይ ናችሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ ከመሣሪያ አትጀምሩ፣ ከጥያቄ ጀምሩ። ጥያቄያችሁ የስፒን ከሆነ፣ የናይትሮጅን እንከን ያለ ብርድ ብዙ ያስተምራችኋል። 532 ናኖሜትር ሌዘር፣ ቀይ ማጣሪያ፣ የብርሃን መቀበያና በ2.87 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሚሠራ የማይክሮዌቭ ምንጭ ይበቃሉ። ማይክሮዌቩ ልክ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ሲደርስ ቀዩ ብርሃን ደብዘዝ ይላል፤ ማግኔት ስታቀርቡለት ድብዛዜው ለሁለት ይከፈላል። የክፍፍሉን ስፋት ለክታችሁ የመስኩን መጠን ታገኛላችሁ፤ ይህ እውነተኛ የኳንተም መለኪያ ነው። ጥያቄያችሁ ሁለት ፎቶኖችን ስለ ማመሳሰል ከሆነ ግን 4 ኬልቪንን በሌላ ነገር መተካት አይቻልም። ማኅደርንና ብርሃንን በአንድ ላይ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ ማቀዝቀዣ ከመጠየቃችሁ በፊት ያችን የአንድ መስመር ስሌት ሥሩ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሁለት የሲሊኮን እንከን ማኅደሮችን በቦስተን አካባቢ በተዘረጋ 35 ኪሎሜትር የኦፕቲካል ፋይበር አማካይነት አቆራኝተዋል። ብርሃኑ በከተማ ውስጥ ዞሮ ሲመጣ፣ ማኅደሮቹ ጠፈር ውስጥ ካለው ብርድ እንኳ በሚበልጥ ብርድ ውስጥ ሆነው ጠብቀውታል። ወደ ፊት እንዲህ ያለ ጣቢያ በአንድ ከተማ ውስጥ በርከት ብሎ ይቆም ዘንድ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው የማቀዝቀዣው ዋጋ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በየትኛው አቶም፣ በየትኛው መጠነ ሙቀት የሚለው ምርጫ፣ ይህ ዕውቀት በጥቂት ባለጸጋ ቤተ ሙከራዎች ተወስኖ ይቀር እንደ ሆነ ወይም እንደ እኛ ላሉት ይደርስ እንደ ሆነ የሚወስን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለመመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ነውና፣ ከዛሬ ጀምሮ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።